ጠሎት

ቀራንዮ ባለው ቤታቸው፣ ምራትየዋ ፎጣ ይዛ በረንዳው በር ላይ ስትደርስ የአማቷን ድምፅ ሰምታ ቆመች። አሮጊቷ ሕፃኗን ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ጀርባዋን ለብ ባለ ውሃ እያሹ ስሟን ይለማመዱ ነበር። ምላሳቸውን ከቀሯቸው ጥርሶች ጋር እያጣበቁ «ጸሎት» ለማለት ይታገላሉ፤ የሚወጣው ግን ያው የጎጃሙ «ጠሎት» ነው። ባለፈው እሁድ እንግዳ ፊት «ጠሎት አይደለም እማማ፣ ጸሎት ነው» ብላ ያረመቻቸው ምራትየዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጃቸውን «እናቴ» ብቻ ይሏታል። እሷ ደግሞ ፍቅር ብቻ መስሏት ነበር።

ቀና ሲሉ አይተዋት እጃቸው ቀጥ አለ።

«ገና አልተቃናልኝም ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለፋሲካ እደርሳለሁ።»

ምራትየዋ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሳፋው አጠገብ ተንበረከከችና ልጇን እንደሳቸው አድርጋ «ጠሎት» ብላ ጠራቻት። ሕፃኗ ዞር ብላም አላየቻት። አሮጊቷ ሳቃቸውን በእርጥብ እጃቸው ጀርባ ሸፈኑ።

«ቸኮልሽ» አሏት። «ሳብ አድርገሽ ጥሪያት እንጂ።»

ከዚያ እሳቸው ጠሯት፤ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ፣ ድምፃቸውን ሳይቆጥቡ። ሕፃኗ በሁለት እግሯ ውሃውን ስትመታው ሁለቱም ረጠቡ።

ምራትየዋ ፊቷን ሳትጠርግ፣ «እስቲ ይድገሙልኝ እማማ» አለች።