የመሪው ቀኝ ጎን

መኪናዋ ተገልብጣ አባታቸው የሞተ ቀን፣ ስትነዳ የነበረችው ታናሽ እህትየዋ ናት። «አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ቀለበት ባደረገበት እጁ መሪውን ነጠቀኝ» እያለች ብትምል ብትገዘት ወንድሟ አንድም ቀን አምኗት አያውቅም። ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካም ስላለች፣ እስቲ በጌም ትልመደው ብሎ የጌም መሪ ጠረጴዛው ላይ ገጠመላት።

«ንጂው እቱ! እዚህ መቶ ጊዜ ብትገለበጪም ተነስተሽ ሻይሽን ትጠጫለሽ።»

ጌሙ ውስጥ ኩርባ ላይ ስትደርስ መሪው ወደ ቀኝ ተመነጨቀ።

«ይኸው! ልክ እንዲህ ነበር ያደረገኝ!»

«የመሪው ሞተር ጉልበቱ በዝቶ ነው ባክሽ» አለና ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከሰማንያ ወደ ሃያ አወረደው። እዚያው ኩርባ ላይ ያው ምንጨቃ። ዜሮ አደረገው፤ ጭራሽ ባሰበት።

በሽቆ አስነሳትና ራሱ ተቀመጠ። መሪውን የሚያዞረውን ሞተር ከሶኬት ነቀለው።

«በቃ፣ አሁን ማን እንደሚጎትተው አያለሁ!»

ኩርባው መጣ። መሪው ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው፤ የቀኝ እጁን ጀርባ ግን የሰው መዳፍ የመሰለ ሙቀት ተጫነው።

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«የአባዬ ቀለበትስ?» አለችው ቀስ ብላ። «ቀዘቀዘህ?»

ቀዝቅዞታል።