በመጋረጃው በኩል

የሱቁን መጋረጃ ገልጬ ስገባ እናቴ ቀና አትልም። «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች፣ ለሁሉም በምትልበት ድምፅ፣ ከሰሉ ላይ የተደረደረውን የሩዝ ቂጣ እያገላበጠች። ከመቅደሱ ደረጃ የሚወርደው ሕዝብ ገፍቶ አምጥቶኝ፣ ሳላስበው ከተሳላሚዎቹ ጋር ገብቻለሁ።

ቆይታ ታየኛለች። መቆንጠጫዋ አየር ላይ ይቆማል።

«ከስተሻል። እዚያ ሩዝ የለም?»

«አለ። እንደዚህ አይሸትም እንጂ።»

«ቂጣው ላይ የቀባሁት ስጎ እያረረ ነው፤ አታስለፍልፊኝ።»

የደንበኞች አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። የወንድሜ ሚስት ቺዙ ጎንበስ ብላ ሻይ ታቀርብልኛለች፤ ኩባያው ሥር የእንጨት ማስቀመጫ አለ። በቤታችን ማስቀመጫ የሚወጣው ለእንግዳ ነው። የቤት ሰው የየራሱን ኩባያ ከመደርደሪያው አንስቶ ይቀዳል። የኔ የት እንደገባ መጠየቅ አፌ ላይ ይመጣል፤ ቺዙ ምን አጠፋች ብዬ እተወዋለሁ።

ለትምህርት ባሕር ማዶ፣ ሊዮን ከተማ ሳለሁ በክረምት መስኮት ከፍቼ ይህን ሽታ እፈልግ ነበር። አሁን አፍንጫዬ ሥር ነው፤ ናፍቆቱ ግን አልወጣልኝም።

«መቼ ነው የምትመለሺው?» ትላለች እናቴ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«ትምህርቱ አልቋል።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

አልመለስም ልላት ነው የመጣሁት። ግን አስቀድማ ቅሪ እንድትለኝ እፈልጋለሁ። ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ይገባሉ። እናቴ ለእነሱ ፊቷ ይፈካል።

ሻዩን ሳልጨርስ እወጣለሁ። ከፊት ለፊት ጨው የገባ ፍጁል የሚሸጡት ጋሼ ቶኩጂ ከበርሜላቸው ቀና ይላሉ።

«ሚቺዮ፣ አሁን ገብተሽ አሁን ወጣሽ? ለዚያውም በመጋረጃ፣ እንደ ገበያተኛ። የጓሮውን በር ምስጥ በላው እንዴ?»

«ተዘግቶ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ማን ሊሰርቃችሁ? ያንን ያረረ ቂጣ?»

ሰው በጎኑ ብቻ በሚያልፍበት ስርጥ ወደ ጓሮ እዞራለሁ። በሩ ስገፋው ይንሸራተታል። የእናቴ፣ የወንድሜና የቺዙ ጫማ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙረው ደፉ ላይ ተደርድረዋል። የኔን አውልቄ የት እንደማስቀምጠው ግራ ይገባኛል።

«በሩን ዝጊው» ትላለች እናቴ ከሱቁ፣ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ። «አመዱን ነፋስ ያነሳብኛል።»

ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ፣ ከውስጥ እዘጋዋለሁ።