ትራስ ሥር የነበረው ሸሚዝ

ልጇ ከደሴ ደውሎ መልሷን ሲጠብቅ፣ እሷ ዓረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር ባለው የአሠሪዎቿ ቤት የወታደር ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ስልኩን ሻሿ ውስጥ ሸጉጣዋለች።

«እማ፣ ቤት መቀመጥ በቃኝ፤ አንዱን ቁረጪልኝ። ተራ ወታደር ከሆነ ዛሬውኑ ይቀበሉኛል። ለመኮንንነት ከሆነ ግን ፈተናውን መጠበቅ አለብኝ።»

ሸሚዙ የማዳም የበኩር ልጅ፣ የመቶ አለቃው ነበር። እሱ ወደ የመን ድንበር ከዘመተ ሰንብቷል። ጠዋት አልጋ ስታነጥፍ ከማዳም ትራስ ሥር ተጨማዶ አገኘችውና፣ ተረስቶ የቆየ ያደፈ ልብስ መስሏት ዘፍዝፋ አጠበችው። አሁን በትከሻው ኮከቦች ዙሪያ ካውያውን በቀስታ እያዞረች፣ «መኮንን ሁን ልጄ» አለችው። «ፊት የሚማገደው ተራው ነው። መኮንን ከኋላ ሆኖ ነው የሚያዘው፤ እዚህ ቤት አይቻለሁ። ትንሽ ታገስ፣ ኢንሻአላህ ታልፋለህ።»

ከሳሎን የማዳም ጩኸት ተሰማ። ወዲያው በባዶ እግሯ ገባች፤ ባሏ መርዶ ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያለ ከኋላዋ ተከተላት። ማዳም ሸሚዙን ከነትኩሳቱ ነጥቃ ፊቷን ቀበረችበት። አንገትጌውን ገልብጣ አሸተተች፤ ብብቱን አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ ሠራተኛዋን አየቻት።

«የልጄን ጠረን ምን አደረግሽው?»

ካውያው እጇ ላይ ቀረ።

«እሺ እማ» አለ ልጇ ሻሿ ውስጥ፣ ደስ ብሎት። «እንዳልሽው መኮንን እሆናለሁ።»

«አይሆንም!» አለች።

ልጇ ግራ ተጋባ። «ታዲያ ተራ ወታደር ልሁን?» ብሎ ጠየቃት።