ገጣባ

ብርሃነሽ ለአህያዋ ያመጣችውን ውሃ ከጀርባዋ አውርዳ ገንዳው ላይ ገለበጠችው። አገር ላገር ስትዞር ሰቆጣ የደረሰችው ወጣት ፈረንጅ፣ የእንስሳት መጠለያው በጎ ፈቃደኛ፣ የአህያዋን ገጣባ በጣቷ ጫፍ ቅባት ትቀባ ነበር።

«እህቴ፣ ዛሬስ ልውሰዳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤቱን ውሃ በጀርባዬ አመላለስሁ።»

«አይቻልም» አለች ፈረንጇ በተሰባበረ አማርኛ። «ቁስሏ አልዳነም። እሷን መጫን ጭካኔ ነው።»

ብርሃነሽ ዞር ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈች። የጀሪካኑ ገመድ ቆዳዋን ልጦት ነበር፤ ከአህያዋ የተባረሩት ዝንቦች መጥተው አረፉበት።

ፈረንጇ ፊቷ ቀላ። ቅባት የያዘ ጣቷን ወደ ቁስሉ ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። የብልቃጡን ክዳን ገጠመች።

«ይቅርታ፣ ይኼ ለእንስሳት ብቻ ነው። ነገ ግን ሁለት ጀሪካን አምጪ፤ አህያዋን ውሃው አልበቃትም።»