ናፍቆቷን ያልሰጠችው መካኒክ

በዚያ ዘመን በነዳጅ ጫኝ መርከብም ሆነ በባሕር ላይ የነዳጅ ቁፋሮ የሚቀጠር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት የሚያጠፋ መርፌ ይወጋ ነበር። የማይናፍቅ ሠራተኛ ውሉን አቋርጦ አይሄድም።

የትርሲት ወንድም ደጀኔም ተወግቶ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ፣ የእናቱ ቤት እዚያው ቅርብ እያለ፣ ለመናኸሪያው ይመቻል ብሎ ሆቴል አደረ። በማግስቱ መጥቶ እንደ እንግዳ በሩን አንኳኳ። እናቱ አቅፋው ስታለቅስ፣ "እማዬ፣ የሚያምሽ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቃት።

ስለዚህ ትርሲት የመርከብ መካኒክነት ተምራ ጅቡቲ ካለው የቅጥር ቢሮ ስትገባ፣ መርፌው ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

"አልወጋም" አለች።

"እህቴ፣ ያለ መርፌ ማንም አይሳፈርም" አላት ቀጣሪው።

"ሥራውን እፈልገዋለሁ። ጉልበቴን ውሰዱ፤ እናቴን ግን አልሰጣችሁም።"

ሰውየው ሊያስወጣት ብድግ አለ። ከኋላዋ የተሰለፉት መካኒኮች ግን የሰበሰቡትን እጅጌ አንድ በአንድ ወደ ታች መለሱ። መርከቡ ነዳጁን ጭኖ ወደቡ ላይ ቆሟል፤ ያለ መካኒክ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ቀጣሪው ሲቆጣ፣ ሲለማመጥ ቆይቶ በመጨረሻ ሁሉንም ሳይወጉ አሳፈራቸው።

ወደቡ ከዓይን ሲጠፋ ትርሲት ሞተሩ አጠገብ ሆና ተንሰቀሰቀች። ቀድሞ የተወጋ አንድ መርከበኛ ግራ ገብቶት፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አላት።

"ቤቴ ናፈቀኝ" አለችው፣ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ እያየችው።