አቤት እስክትል

መዲና ሱቁ ውስጥ ቆማ ሁለቱን የኤርፎን ካርቶኖች አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እጇ እየመዘነች ታገላብጣለች። በጎልማሶች ትምህርት አምስት ወር ሙሉ ከፊደል ጋር ታግላ የሚኒባስ ታፔላና የመድኃኒት ቤት ስም ማንበብ ችላለች። ካርቶኖቹ ላይ ግን አንድም የምታውቀው ፊደል የለም። ዓይኗ ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ግድግዳው ላይ ከተለጠፈች ወረቀት ደረሰ።

“የተ... ሸጠ... ዕቃ... አይ... መለ... ስም” አለች ጮክ ብላ። ያነበበችው የገባት ከዚያ በኋላ ነው። “አይመለስም? ለልጄ ባይሆናትስ?”

“ይሆናታል፣ እናቴ” አለ ባለሱቁ ጁነይድ። “ይኼኛው ኤርፎን ላብ አይፈራም። ያኛው ደግሞ አንዴ ቻርጅ ካደረጉት ቀኑን ሙሉ ይውላል። በዚያ ላይ የውጭ ድምፅ አያስገባም። ዓለም ቢገለበጥ አይሰሙም!”

ልጇ ዊዳድ ዓይኗን አፈጠጠችበት።

ዊዳድ ሯጭ ናት። ሱብሂ ሰግዳ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው አስፋልት ትወጣለች። ከደረቅ ወደቡ የሚወጡት ተሳቢዎችም የሚከንፉት በዚያው ነው። ልጇ እስክትመለስ መዲና የግቢው በር ሥር ተቀምጣ ኮቴ ታዳምጣለች። ከስንቱ ኮቴ መሃል የዊዳድን ትለያለች፤ ቀኟ ጠበቅ፣ ግራዋ ላላ ይላል። አሁን ደግሞ አሰልጣኙ ልምምዱን በድምፅ ቀድቶ በስልክ ለሯጮቹ ይልክላቸው ጀምሯል፤ እየሰሙ እንዲሮጡ። ደሴ ላይ ለሚደረገው የክለብ ምርጫ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

“የሚሮጠው እግር፤ ጆሮ ምን ቤት ነው?” አለች መዲና፣ ለስንተኛ ጊዜ።

“ነገርኩሽ እኮ፣ እማ። መቼ ፍጠኚ፣ መቼ ቀንሺ እንደሚለኝ የምሰማበት ነው።”

“ሹፌሩ ጡሩንባ ሲነፋስ በምንሽ ትሰሚዋለሽ?”

“ትሞክረውና ይዩት” አለ ጁነይድ።

ዊዳድ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ የዚያኛውን ኤርፎን ሁለት ፍሬዎች ጆሮዎቿ ውስጥ ወተፈችና ከስልኳ ድምፅ ከፍታ መልሳ ተሸፈነች። አሁን ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። መዲናን ይኼም ግራ አጋባት፤ የልጇ ጆሮ ክፍት ይሁን ዝግ በምን ታውቃለች?

“ዊዳድ!”

“አቤት!”

“አልሐምዱሊላህ! ትሰማለች!”

ጁነይድ ሳቁ አመለጠው። “ኧረ እናቴ፣ ከንፈርዎን አይታ ነው። ጀርባዋን ታዙር።”

መዲና ልጇን በትከሻዋ ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረቻት። “ዊዳድ!” ዝም። “አንቺ ዊዳድ!” ዝም። በደጁ አንድ ተሳቢ ጡሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ዊዳድ ግን ጭንቅላቷን ቀስ እያለች ትነቀንቃለች። አፏን ከፈታች ጀምሮ ተጠርታ አቤት ሳትል ቀርታ አታውቅም። መዲና ሻርፗን ከኋላ ጎተተቻት።

“ምነው እማ?”

“ጠራሁሽ እኮ! ደጋግሜ!”

“ወላሂ አልሰማሁም።”

“ቅድምስ አቤት ያልሽኝ?”

“አፍሽን ስትከፍቺ ከስሜ ሌላ ምን ትጠሪያለሽ ብዬ ነዋ።”

ጁነይድ እንደገና ሳቀ። መዲና አልሳቀችም። ዊዳድ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ማስቀመጫቸው መለሰች። “እንግዲያው ይቅር” አለች ቀስ ብላ። “ምርጫውም ይቅርብኝ።”

መዲና እሺ ብትል ተሳቢው አለ፤ እምቢ ብትል ይኼ አንገት የደፋ ፊት። ያ ረቢ፣ የትኛው ነው የእናት መልስ?

ጁነይድ ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር ሌላ ዕቃ አወጣ፤ በማጅራት በኩል የሚዞር ቀጭን ቅስት። “ይኼ ጆሮ ውስጥ አይገባም። ከጆሮ ፊት፣ አጥንቱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጆሮ ክፍቱን ይቀራል። የሚሰማው በአጥንት ነው።”

“አጥንት ይሰማል እንዴ፣ አንተ?”

“ቆሎ ሲቆረጥሙ የራስዎን ጥርስ በምንዎ ነው የሚሰሙት?”

መዲና መንጋጋዋን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰች። ነገሩ አልገባትም። ቆሎውን ግን ታውቀዋለች።

ዊዳድ አጠለቀችው። “ይጥሯት” አለ ጁነይድ።

“እዚህ አይደለም። መኪናው ያለበት።”

“ሯጭ ናት እኮ፣ እናቴ! ይዛው ብትፈተለክ ማን ይደርስባታል?” አለ፤ ቢሆንም በሩን ለቀቀላቸው።

ዊዳድ ከአስፋልቱ ዳር ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ስልኳ ላይ የአሰልጣኙን ድምፅ ከፍታለች። መዲና ከሱቁ ደጃፍ ሆና አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ጮኻ ትጥራት? ሹፌር ስሟን ጠርቶ አያስጠነቅቃትም። ቀስ ብላ ትጥራት? ያ ዝምታ እንደገና ቢመጣስ? ባጃጆች አለፉ፤ አንድ አይሱዙ አለፈ። ቢያንስ ቀረብ ልበል ብላ በአቧራው ላይ ጥቂት ተራመደች፣ እስካሁን ምንም ሳትናገር።

“አቤት!” አለች ዊዳድ፣ ሳትዞር።

መዲና ባለችበት ቀረች። “አልጠራሁሽም እኮ።”

“ኮቴሽን ሰማሁት። ግራ እግርሽን ትጎትቻለሽ አይደል፣ ከድሮም?”

መዲና ዞር ብላ አየች። ከሱቁ ደጃፍ እስከ ቆመችበት ድረስ አቧራው ላይ የፕላስቲክ ጫማዋ ያሰመረው ቀጭን መስመር አለ፤ በግራ በኩል ብቻ።