በያጇ እናትና ቀዩ መብራት

«የዓይን መከላከያውስ የታለ?»

ሻጯ ደንገጥ አለች። የፊት ቆዳ ያሳምራል የሚባለውን ቀይ መብራት ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ ስለ ዋጋውና ስለ መልኩ እንጂ ስለ ዓይን ጠይቋት አያውቅም።

«ማዘር... ይሄ እኮ አያቃጥልም፣ አይዞዎት።»

«ልጄ፣ እኔ በያጅ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ስበይድ ኖሬያለሁ። ብርሃን ሲያባብል አውቀዋለሁ... ዓይን የሚያስለቅሰው ቤት ከገባሽ በኋላ ነው።»

ሻጯ ሳቀች። ከዛ ግን ከሳጥኑ ሥር ጥቁር መነጽር ፈልጋ ሰጠቻት።

ሴትዮዋ ሦስቱንም ዓይነት እያገላበጠች አየች። ፊት ላይ የሚጠለቀውን ማስክ... በእጅ የሚያዘውን... ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን።

በእጅ የሚያዘውን ቶሎ መለሰችው።

«ይሄን ተዪው። ቀኑን ሙሉ የብየዳ እጀታ ጨብጬ ውዬ፣ ቤት ገብቼ ደግሞ ሌላ ልጨብጥ?»

ማስኩ ግን ደስ አላት። አጥልቆ ጋደም ማለት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

«በስንት ቀን ነው ለውጡ የሚታየው?»

«ቀን ሳይሆን ወራት ነው ማዘር። ሳያቋርጡ... እሱም እንደየሰዉ ቆዳ ነው፣ አልዋሽዎትም።»

«ይሁን። ትንሽ ፈካ ቢልልኝ ይበቃኛል። ለልጄ ብዬ እኮ ነው።»

ቆይ... አትቸኩሉ፣ ይቺን ሴት ላስተዋውቃችሁ።

ባሏ ሲሞት ከብየዳ ማሽኑ በቀር የተወላት ነገር አልነበረም። «ሴት ደግሞ ምን ብየዳ!» ብለው የሳቁባት ጎረቤቶች፣ ዛሬ የግቢያቸውን በር የሠራችላቸው እሷ ናት።

አንድ ልጇን በዛች ማሽን አሳደገች። አስተማረች። ለወግ ለማዕረግ አበቃች።

ፊቷ ግን ተጎዳ። ጉንጯ ጠቆረ። ግንባሯ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ጠባሳ ቀረ። ለዛ ነው ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ የምታስረው።

ልጅቷ አሁን ሌላ ከተማ ናት። ስለ ፊት አጠባበቅ በኢንተርኔት የምታስተምር፣ ተከታዮቿ የበዙላት ባለሙያ ሆናለች። እናት የልጇን የኢንተርኔት ገጽ አይታው አታውቅም። በስልኳ የምትችለው መደወልና ፎቶ መላክ ብቻ ነው።

ፎቶ መላክ ያስተማረቻትም ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ናፍቀሽኛል» ትላታለች በየእሁዱ እየደወለች። «ፎቶ ላኪልኝ እስቲ... ሻሽሽን አውልቂና ወደ መስኮቱ ዙሪ። ጠጋ አድርጊው፣ ፊትሽ ብቻ ይታየኝ።»

እናት ደስታዋን አትችለውም። ታጥባ፣ መስኮት ሥር ቆማ ፎቶ ትነሳለች። ላገኘችው ሁሉ ታወራለች።

«ልጄ ፊቴን ሳታይ ሳምንት አትዘልቅም!»

ግን ደግሞ ታፍራለች። ‹ልጄ ይሄን የተጎዳ ፊት እያየች እንዳትሳቀቅ› ብላ ነው እዚህ ሱቅ የመጣችው።

ሻጯ፣ ሴትዮዋ ስታመነታ አየችና ስልኳን አወጣች።

«ሥራውን ላሳይዎት ማዘር። የኛን ማስክ የምታስተዋውቀው ይቺ ልጅ ናት። በየሳምንቱ ነው የአንዲት ሴትዮ ለውጥ የምትለጥፈው። በፊትና በኋላ የሚለውን ይዩ።»

እናት መጀመሪያ ያየችው የልጇን ፎቶ ነው። ከላይ በኩል፣ ትንሿ ክብ ውስጥ። ፊቷ በደስታ በራ።

«የኔ...» ብላ ጀመረች።

ከዛ ወደ ታች አየች።

«በፊት» ከሚለው ሥር ያለው ፊት... የራሷ ነው።

የጠቆረው ጉንጭ። የግንባሯ ጠባሳ። የቤቷ መስኮት ሳይቀር።

«ከሦስት ወር በኋላ» የሚለው ሥርም እሷው ናት። ጠባሳው ጠፍቷል። ጉንጯ ጠርቷል። ዛሬ ገና በእጇ የነካችው ማስክ ለውጧታል ተብሎ ተጽፏል።

ሻጯ ምኑንም አላወቀችም። አስተያየቶቹን ታነብላት ጀመር።

«አንዱ ደግሞ... ‹ይሄ ፊት ነው የመኪና ጎማ?› ብሏል፣ ባለጌ! ልጅቷም ሳቀችለት። ሌላዋ ‹ሴትዮዋ ማን ናት?› ስትላት ‹አንዲት ደንበኛዬ ናት፣ ራሷን ጥላ ስትመጣ አሳዘነችኝ› ብላ መለሰችላት። ደግ ልጅ ናት!»

እናት ክው አለች።

ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ነበር። ሻጯ ቀና ስትል ግንባሯን አየችው... ከዛ ስልኩን... ከዛ እንደገና ግንባሯን።

«ማዘር! ደንበኛዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

እናት ሻሿን ወደ ቅንድቧ መለሰችው።

«አዎ የኔ ልጅ... ደንበኛዋ ነኝ።»

ልጇን አላጋለጠቻትም! እዚያው ቆማ ልጇን ሸፈነችላት።

ማስኩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ያም ሆኖ እናት አይደለች... እውነቱን የምትናገርበት አንድ ዕድል ልትሰጣት ለልጇ ደወለች። ስላየችው ነገር ትንፍሽ አላለችም።

«ልጄ፣ ያንን ቀይ መብራት የሚሉትን ማስክ ልገዛ ነው። ፊቴ ትንሽ ቢፈካ ብዬ።»

ወዲያ ማዶ ያለችው ልጅ በድንጋጤ ጮኸች።

«እንዳትገዢ እማዬ! ፊትሽን ምንም እንዳትነኪው! እኔ የምፈልግሽ እንዲሁ እንዳለሽ ነው!»

ትናንት ብትሰማው ኖሮ፣ ይሄን ቃል ለሰፈሩ ሁሉ እየነገረች በደስታ ታለቅስ ነበር።

ዛሬ ስልኩን ዘጋችው።

ወገኖቼ... የሚፈልገን ሁሉ አይወደንም። እናቶቻችን ግን ስንደውልላቸው የናፈቁን ይመስላቸዋል፤ የምንፈልግባቸው ነገር ይኖራል ብለው አይጠረጥሩንም። እናት ፊት ላይ ያለው ጠባሳ እኛን ስታሳድግ የመጣ ነው። በሱ የሚነግድን ልጅ፣ ምን ዓይነት መብራት ያጠራዋል?

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በዚህች እናት ቦታ ብትሆኑ፣ ልጅቷ መልሳ ስትደውል ስልኩን ታነሱላት ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ።